ያውቁ ኖሯል? የቬርሳይ ፏፏቴዎች በፉጨት ይከፈቱ ነበር

በፓሪስ አቅራቢያ የሚገኘውን የቬርሳይ ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ አንድሬ ለ ኖትር ከ1661 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያስውበው ትልቁ ፈተና ውሃ ነበር። በ1684 በሴን ወንዝ ላይ 14 ግዙፍ መዘውሮች ያሉት መሣሪያ ተተክሎ ውሃውን ሽቅብ ወደ ኮረብታው ቢገፋም የአትክልቱን ጥም አልቆረጠም። ስለዚህ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሲንሸራሸሩ የውሃ ሠራተኞቹ በፉጨት ይጠራሩ ነበር፦ ንጉሡ ሲቃረቡ ፏፏቴው ይከፈታል፤ ሲያልፉ ይዘጋል። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን እንግዶች በየት በኩል እንዲዞሩ፣ የት ቆመው ምን እንዲያዩ የሚመራውን ጽሑፍ ንጉሡ ራሳቸው ማዘጋጀታቸው ነው። ፏፏቴዎቹ ዛሬም ሁልጊዜ አይፈሱምና ለጉብኝት ከመሄድዎ በፊት የሚከፈቱበትን ቀን ያጣሩ።