ንብ ከመኪና ቀለም ምን ትፈልጋለች?

ግንቦት 12 የዓለም የንብ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በስሎቬኒያ ጠያቂነት ቀኑን በ2017 ሰይሞ በ2018 መከበር ከጀመረ ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ሁለት ዓይነት ወሬ ጎን ለጎን ይሰማል። አንደኛው ንቦች እየተመናመኑ መሄዳቸውን ያስታውሰናል። ሌላው መኪናውን አቁሞ ገበያ ገብቶ ሲመለስ ስፖኪዮው በንብ ተሸፍኖ ስለጠበቀው ሾፌር ነው። መገጣጠሙ ምክንያት አለው፤ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ግንቦት መንጋ ከቀፎ የሚወጣበት ወር ነው። ከወሬው ጋር አንድ ጥያቄም አብሮ ይነሣል፦ ደማቅ ቀለም ያለው መኪና ንብ ይስባል?

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ቀለም ንብን ይጠራታል፤ የሚያቆያት ግን ሽታ፣ ጣዕም ወይም ንግሥት ነው። በዚያ ላይ እኛ ደማቅ የምንለውና ለእሷ ጎልቶ የሚታያት ቀለም አይገጥሙም። ይህን ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ጥናትና ክርክር አለ። የክርክሩ አንድ ትልቅ ባለቤት ደግሞ ስሙ ከሚገባው በታች ስለሚነሣ፣ እሱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ።

የሰሞኑ የንብ ሳይንስ

የንብ ጥናት ዛሬ ከዐይን አልፎ ወደ አእምሮ ተሻግሯል። ለንደን የሚሠራው ተመራማሪ ላርስ ቺትካ ስለ ንብ አእምሮ የጻፈው መጽሐፍ በ2022 ታተመ። በዚያው ዓመት ከእሱ ቤተ ሙከራ የወጣ ጥናት፣ ባምብልቢ የሚባሉት ጠጉራም ንቦች ምንም ሽልማት ሳያገኙበት ትንንሽ የእንጨት ኳሶችን ደጋግመው እንደሚያንከባልሉ አሳየ። በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ ደግሞ ባምብልቢዎች ብቻቸውን ያልፈቱትን ባለ ሁለት ደረጃ እንቆቅልሽ ከሠለጠነች ንብ ሊማሩ እንደሚችሉ አረጋገጠ። በዚሁ ዓመት ሚያዝያ ወር ኒውዮርክ ላይ ይፋ የሆነ የሳይንቲስቶችና የፈላስፎች መግለጫ፣ ነፍሳትም ንቃተ ኅሊና ሊኖራቸው የሚችልበት ዕድል በቁም ነገር እንዲታይ ጠይቋል።

የዚህ ሁሉ በር የተከፈተው በቀለም ነው። ሰማያዊ ወረቀት ላይ የስኳር ውሃ፣ ቢጫው ላይ መራራ ውሃ ይቀመጣል፤ ከጥቂት ምልልስ በኋላ ንቧ የትኛውን እንደመረጠች በበረራዋ ትናገራለች። ስለ ንብ ትዝታ፣ ስለ ቁጥር ችሎታዋና ስለ ውሳኔዋ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው በዚህ ዘዴ ነው። ስለዚህ የመኪናው ጥያቄ የሕፃን ጥያቄ ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

በንብ ዐይን

የማር ንብ እንደ እኛው ሦስት ዓይነት ቀለም ተቀባይ ሕዋስ አላት። የእሷዎቹ የሚይዙት አልትራቫዮሌትን፣ ሰማያዊንና አረንጓዴን ሲሆን፣ ትብነታቸው የሚበረታው በ344፣ በ436 እና በ544 ናኖሜትር አካባቢ ነው። እኛ ፈጽሞ የማናየው አልትራቫዮሌት ለእሷ ራሱን የቻለ ቀለም ነው፤ ከሩቅ ዐይናችንን የሚይዘው ቀይ ደግሞ ለእሷ ወደ ጥቁርነት ያደላል። የሱፍ አበባን እንይ። ለእኛ ቢጫው ከጫፍ እስከ ሥር አንድ ነው። ነገር ግን የቢጫው ቅጠል ጫፍ አልትራቫዮሌትን ያንጸባርቃል፣ ሥሩ ይውጠዋል፤ ንቧ የምታየው መሃሉን የሚያመለክት ክብ ዒላማ ነው።

ታዲያ ይህ ዐይን ጥራቱ ደካማ ነው። ማርቲን ጁርፋና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ እንዳሳዩት፣ የማር ንብ አንድን ነገር በቀለሙ ለመለየት ነገሩ በእይታዋ 15 ዲግሪ ያህል መያዝ አለበት። ከዚያ ያነሰውን፣ እስከ 5 ዲግሪ ድረስ፣ የምታየው በአረንጓዴ ተቀባይዋ ብቻ ነው፤ ነገር መኖሩን ታውቃለች፣ ቀለሙን አትለይም። እስቲ እናስላው። 2 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን አበባ ቀለሙን የምትለየው 8 ሳንቲሜትር ገደማ ስትቀርበው ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለውን መኪና በጎኑ ስታየው ግን ቀለሙን ከ15 ሜትር ትለያለች፤ መኖሩን ብቻ ለማወቅ ደግሞ ከ45 ሜትር ገደማ ይበቃታል። ርቀቱ ከአበባው 200 እጥፍ ነው። የቆመ መኪና በንብ ዓለም ውስጥ እጅግ ግዙፍ የቀለም ምልክት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ላሜራውና ቀለሙ

መኪናውን ከንቧ ወገን ስናየው ቀለሙ ይለወጣል። የነጭ ቀለም ዋናው ንጥረ ነገር ታይታንየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱ ደግሞ አልትራቫዮሌትን ይውጣል። ስለዚህ ነጭ መኪና ለንብ ነጭ ሆኖ አይታያትም፤ አልትራቫዮሌት የጎደለው ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። አብዛኞቹ ነጭ አበቦችም እንዲሁ ስለሆኑ ነጩ መኪና ከአበባ ወገን ይመደባል። ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት የላይኛው አንጸባራቂ ሽፋንም ቀለሙ በፀሐይ እንዳይጠወልግ አልትራቫዮሌትን የሚውጥ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። በዚህም የተነሣ ቢጫው መኪና የሱፍ አበባው ያለው ዒላማ የለውም።

ሰማያዊው ነው በእውነት የሚጠራት። አበባ አይተው የማያውቁ የማር ንቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለቀቁ ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ወገን ማዘንበላቸው በሙከራ ታይቷል። ኦሪገን ውስጥ የሠሩ ሁለት ተመራማሪዎችም በ2005 ሽታ የሌለው፣ በቀለሙ ብቻ የሚስብ ማጥመጃ የዱር ንቦችን እንደሚይዝ አሳትመዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ ክንፍ ያለው ማጥመጃ የመስክ ተመራማሪዎች የዘወትር መሣሪያ ሆኗል። ሰማያዊ፣ ቢጫና ነጭ የተቀቡ ሳህኖችን የሳሙና ውሃ ሞልቶ ሜዳ ላይ መደርደርም የተለመደ ዘዴ ነው። ወደ መኪና ጥያቄ በጣም የሚቀርበው ማስረጃ ይኸው ነው፦ ቀለም የተቀባ፣ ሽታ የሌለው፣ ሰው የሠራው ነገር ንብ ይጠራል። ሆኖም ሳህኑ ውስጥ የማር ንብ ከቁጥሯ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው የምትገኘው። እሷ የምትሄደው ትናንት ወደ ቀሰመችበት ወይም እኅቷ በዳንስ ወደ ነገረቻት ቦታ ነው።

ቀይ መኪና ጉዳዩ ለየት ይላል። የቡዳፔስቱ ጋቦር ሆርቫትና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳተሙት፣ ቀይና ጥቁር መኪና የሚስበው በውሃ ውስጥ የሚራቡ ነፍሳትን ነው። ጠቆር ብሎ የሚያብለጨልጭ ላሜራ ብርሃንን አግድም ፖላራይዝ አድርጎ ይመልሳል፣ ማለትም ብርሃኑ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ አግድም ያደርገዋል፤ የኩሬ ውሃም እንዲሁ ያደርጋል። ነፍሳቱ ውሃ ያገኙ መስሏቸው ኮፈኑ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፣ እንቁላሉም ይደርቃል። ነጭና ቢጫ መኪና ይህ ጣጣ እምብዛም የለበትም። ብዙ ሰው በቀይ መኪና ላይ ነፍሳት አይቶ ንብ ናቸው ማለቱም ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የሴንት ሉዊሱ መምህር

ንብ ቀለም ታያለች የሚለው ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ነው። ከእሱ በፊት ግን ቻርልስ ሄንሪ ተርነር ነበር። ተርነር በ1867 ሲንሲናቲ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1907 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ፤ ከ70 በላይ የምርምር ጽሑፎችም አሳትሟል። የዘር አጥር በበረታበት በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ወንበር ስላልሰጡት፣ ከ1908 ጀምሮ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ሰምነር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ኖረ። ቤተ ሙከራም ረዳትም አልነበረውም። የነበረው የከተማው መናፈሻና ትዕግሥቱ ነው።

ኦፋሎን በሚባለው መናፈሻ ውስጥ በቀለም ወረቀት ክብ ሰሌዳዎችን፣ ቀንድ መሰል ጥቅልሎችንና ሳጥኖችን ሠራ። ቀዩ ላይ ማር አድርጎ ንቦቹን አለመደ፤ ከዚያ ሌላ ቀለም ያላቸውን በመካከል እየቀላቀለ ቦታቸውንም እየለዋወጠ ተመለከተ። ንቦቹ ቀዩን ለይተው መጡ። በ1910 ያሳተመው ይህ ሥራ ንቦች የሚመጡት በሽታ ብቻ ነው ለሚሉት መልስ ነበር። በ1911 ደግሞ ቅርጽና ጥለት እንደሚለዩ አስከተለ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1908 ያሳተመው ስለ መሬት ቆፋሪ ንቦች ሲሆን፣ እኔን ከሁሉም ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው። የአንዲት ንብ ጉድጓድ አጠገብ የኮካ ኮላ ቆርኪ ወድቆ ነበር። ተርነር ቆርኪውን አንሥቶ ሌላ ቀዳዳ አጠገብ ሲያስቀምጠው፣ ንቧ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቆርኪውን ተከትላ ሄደች። ቤቷን የምታውቀው በምልክት ነበር። ከዛሬው ጥያቄያችን ጋር የሚያያዘውም በዚህ ነው። ቀፎ ወይም ያበበ ዛፍ አጠገብ በየቀኑ የሚቆም መኪና ለንብ ምልክት ሆኖ ሊያገለግላት ይችላል፤ አንድ ቀን ፈቀቅ ብሎ ሲቆም ንቦች ዙሪያውን ቢያንዣብቡ፣ ቀለሙን ወደውት ሳይሆን መንገዳቸውን እያጣሩ ነው።

ፎን ፍሪሽ በ1914 ያመጣው ነገር ግን ተርነር ያልነበረው ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ንብ ቀለም ሳታይ ማድመቅና ማጥቆሩን ብቻ ለይታ ቢሆንስ? ተርነር ራሱ ጥርጣሬውን አንሥቶት ነበር። ፎን ፍሪሽ ሰማያዊ ካርቶን ከደማቁ እስከ ጥቁሩ በተደረደሩ ግራጫ ካርቶኖች መካከል አስቀመጠ፤ ሽታ እንዳያሳስትም በመስታወት ሸፈነው። በሰማያዊ የለመዱት ንቦች ከግራጫዎቹ መካከል ሰማያዊውን ሳይሳሳቱ መረጡ። በቀይ የለመዱት ግን ቀዩን ከጥቁርና ከጥቁር ግራጫ ጋር አምታቱት። ስለዚህ የተርነር ንቦች ቀዩን የለዩት በጥቁረቱ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው የፎን ፍሪሽ ነው፤ ከእሱ ቀድሞ ጥያቄውን ሜዳ ላይ የፈተነው ግን ተርነር ነው። ፎን ፍሪሽ በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ፤ ተርነር ግን እንዲህ ያለ ክብር ሳያገኝ በ1923 ሞተ። ከረንት ባዮሎጂ የተባለው መጽሔት የተርነርን የቀለም ሙከራዎች እንደገና የሚመረምር ጽሑፍ ያወጣው በ2020 ነው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ተገቢ ነው።

ፎን ፍሪሽ ሙከራውን በሚያደርግበት ዘመን የሙኒኩ የዐይን ሐኪም ካርል ፎን ሄስ ንብ ቀለም አታይም ብሎ አጥብቆ ይከራከር ነበር። ማስረጃውም የዋዛ አልነበረም። ተዘግቶባቸው መውጫ የሚፈልጉ ንቦች ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ወደ ደማቁ ብርሃን ይሄዳሉ። በኋላ የተረጋገጠው ፎን ሄስም ፎን ፍሪሽም እያንዳንዳቸው በተመለከቱት ንብ ትክክል መሆናቸው ነው፤ የምትሸሽ ንብ የምትመራው በብርሃን ብርታት ነው፣ የምትቀስም ንብ ደግሞ በቀለም። ሁለቱንም አንድ መኪና ላይ ማየት ይቻላል። ኮፈኑን የምትዞረው የተርነርና የፎን ፍሪሽ ንብ ናት፤ ውስጥ ገብታ ፓራብሬዛውን የምትደበድበው የፎን ሄስ ናት። ለሾፌር ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ዳር ይዞ መቆም፣ መስኮትና በር መክፈት፣ በእጅ አለማባረር።

ሽታ፣ መንጋና ቢጫ ነጠብጣብ

የቀረው በአጭሩ ይነገራል። የፈሰሰ ለስላሳ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ ሽታ ያለው ሳሙናና ላቫጆ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ከየትኛውም ቀለም ይልቅ ንብ ያቆያሉ። መንጋ ደግሞ ቀለም አይመርጥም፤ ከእናት ቀፎ ወጥቶ አሳሾቹ ቤት እስኪያገኙ ድረስ ያገኘው ነገር ላይ ንግሥቲቱን ከብቦ ያርፋል። በ2016 ዌልስ ውስጥ 20,000 ያህል ንቦች አንድ መኪና ላይ ሰፍረው፣ ከተነሡ በኋላም ወደዚያው መኪና ተመልሰው እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ ተከትለውታል፤ ንግሥቲቱ ውስጥ ሳትያዝ አልቀረችም ነበር የተባለው። መኪና ላይ የሚታዩት ቢጫ ነጠብጣቦችም ብዙ ጊዜ የንብ ኩስ ናቸው። የዚህ ኩስ ነገር አንድ ጊዜ ዓለምን አነጋግሯል፦ በ1981 አሜሪካ በላኦስና በካምቦዲያ የወረደውን "ቢጫ ዝናብ" የሶቪየት መርዝ ነው ስትል፣ የሃርቫርዱ ማቲው ሜሰልሰንና የንብ ተመራማሪው ቶማስ ሲሊ የንብ ኩስ መሆኑን አሳዩ።

የእኛ አናቢዎች የሽታን ኃይል ጥንት ነው ያወቁት። በደጋው አገር ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ ቀፎ ይጠነክራል፣ መንጋም ይወጣል። አናቢው ባዶ ቀፎውን በወይራና በሌላ መዓዛ ባለው እንጨት አጥኖ ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ አውራዋ ከነመንጋዋ እንድትገባለት የሚተማመነው በጭሱና በሰሙ ሽታ ነው፣ ቀፎውን ቀለም አይቀባም። መኪናው ላይ መንጋ ያረፈበት ሰው ሊጠራ የሚገባውም ይህን ሰው ነው። መርዝ መርጨትም ሆነ ውሃ መልቀቅ የኢትዮጵያን ንብ ያስቆጣል፤ ከራቁላት አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በራሷ ትነሣለች።

የዓለም የንብ ቀን በትምህርት ቤቶቻችን ሲከበር ከንግግር ይልቅ ሙከራ ቢደረግ ደስ ይለኛል። የሚያስፈልገው ከጋራዥ የተገኘ ቁራጭ ላሜራ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ የመኪና ቀለም፣ ከደማቅ እስከ ጥቁር የተቀቡ ጥቂት ግራጫዎች፣ መስታወትና የስኳር ውሃ ነው። ቦታውን ከቀፎ አርቆ፣ አናቢ አጠገብ አቁሞ መሥራት ይበቃል። ተማሪዎቹ የፎን ፍሪሽን ጥንቃቄ ይማሩበታል። አስተማሪያቸውም ይህን ሥራ ከፎን ፍሪሽ ቀድሞ የሠራው እንደ እሱ ያለ የሁለተኛ ደረጃ መምህር መሆኑን ስሙን ጠርቶ ይንገራቸው።