«ጠመንጃው ራሱ ይነግረኛል»፦ ጥይት በእጅ ስለ መሙላት ተረትና እውነታ

አሜሪካ ውስጥ ብዙ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች ጥይታቸውን እቤታቸው ይሞላሉ። የተተኮሰውን ቀለሃ አጽድተው አዲስ መለኮሻ ይገጥሙለታል፤ ባሩዱን መዝነው ይጨምራሉ፤ ከላይ አረሩን ይሰካሉ። ትዕግሥት ላለው ሰው ደስ የሚል ሥራ ነው። እጅና ዓይን የሚያጠፋው በሰሚ ሰሚ ሲሠራ ነው።

ተረት፦ ባሩዱ ቀለሃው እስኪሞላ ቢጨመር ምንም አይደል።

እውነታ፦ በጥቁር ባሩድ ዘመን ያስኬድ ነበር። አያቶቻችን ዓድዋ የያዙት ውጅግራ፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዮቹ ጠመንጃ፣ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። በ1884 ፖል ቪዬይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሲሠራ ግን ጉልበቱ ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። ይህንን ባሩድ በአሮጌ ውጅግራ ቀለሃ ጢም አድርጎ መተኮስ ጠመንጃውን ፊት ላይ ማፈንዳት ነው።

ተረት፦ ግፊቱ ሲበዛ ምልክት ይታያል፤ እስከዚያ መጨመር ይቻላል።

እውነታ፦ ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው። «ሰርቲ ኦት ሲክስ» የሚባለው የአደን ጥይት የግፊት ጣሪያው በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው። ሰዎች ከተኮሱ በኋላ ቀለሃውን ገልብጠው መለኮሻው ተደፍጥጦ እንደሆነ ያያሉ። ነገር ግን ቆርቆሮው ስስ የሆነ መለኮሻ ግፊቱ ልክ ሆኖም ይደፈጠጣል፤ ወፍራሙ ደግሞ ጣሪያው ታልፎም ምንም ያልሆነ ይመስላል። መዝጊያው አልከፈት ብሎ በመዳፍ መምታት ካስፈለገ ደግሞ ገደቡ ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ የባሩድ አምራቹ መጽሐፍ ከሚሰጠው መነሻ ይጀመራል፤ መነሻ ካልተጻፈ ብዙውን ጊዜ ከከፍተኛው የባሩድ ልክ አሥር በመቶ ይቀነሳል። ከዚያ በግማሽ ግሬይን ወይም ከዚያ ባነሰ ይወጣል። ግማሽ ግሬይን 32 ሚሊግራም ናት፤ በማንኪያ የምትሰፈር አይደለችም። አረሩ፣ መለኮሻው ወይም የቀለሃው ዓይነት ከተቀየረም እንደገና ከታች ነው። የወታደር ቀለሃ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ስለሚወፍር ውስጡ ይጠባል፤ በዚያው ባሩድ ግፊቱ ይጨምራል።

ተረት፦ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ባሩዱም አንድ ነው።

እውነታ፦ የሆጅደን 4831 እና የአይኤምአር 4831 ቁጥራቸው አንድ ነው፤ አነዳደዳቸው ግን ይለያያል። የሆጅደኑ ይዘገያል። ለእሱ የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ በሌላው የሞላ ሰው ሳያውቀው ጣሪያውን ያልፋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የባሩድ ዕቃ ብቻ ይቀመጥ የሚባለው ለዚህ ነው። የተሞሉትን ቀለሃዎች አረር ከመሰካቱ በፊት ገበታቸው ላይ አቁሞ በባትሪ ከላይ ማየትም ያስፈልጋል፤ ሁለቴ የተሞላው ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ ይለያል፣ የተረሳውም ጥልቅ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይታያል።

ተረት፦ ባሩድ ባነሰ ቁጥር አደጋው ያንሳል።

እውነታ፦ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ በትልቅ ቀለሃ ውስጥ ከዝቅተኛው ልክ በታች ሲሆን ግፊቱ አንዳንዴ በድንገት ይንራል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አረሩ መውጣት አቅቶት አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል፤ ቀጣዩ ጥይት እሱን ይመታውና አፈሙዙን ይተረትረዋል። ድምፁ እንደ ወትሮው ካልጮኸ ቀጣዩ አይተኮስም። ጠመንጃው ወደ ዒላማው እንደዞረ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ጥይት ይወጣለታል፣ መዝጊያው ይነቀላል፣ ከኋላ በኩል ብርሃን ወዲያ ማዶ መታየቱ ይረጋገጣል።