ዙሩን የሚቆጥር ስክሪን

በአሥር ሺህ ሜትር ሩጫ 25 ዙር አለ። በመጨረሻው መስመር አጠገብ አንድ ሰሌዳ ይቆማል፤ ሯጮቹ ባለፉ ቁጥር የቀረው ዙር በአንድ ይቀንሳል፤ አንድ ሲቀር ደወል ይደወላል። ከአሰላ የወጣው ኃይሌ ገብረሥላሴም ሆነ ከበቆጂ የወጡት ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቁበት ርቀት ነው። ያ ሰሌዳ ባይኖር የትኛው ዙር ላይ አቅም መቆጠብ፣ የትኛው ላይ መፈትለክ እንደሚገባ በምን ይታወቅ ነበር?

በስልካችን ስክሪን ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የምትሞላው ቀጭን መስመር ሥራዋ የዚያ ሰሌዳ ሥራ ነው። የሂደት አሞሌ ትባላለች፤ እኛ ግን ስሟን ሳንጠራ «ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» እንላለን። እህቷ ክብ ናት፤ ትዞራለች፣ ዙር ግን አትቆጥርም። መስመሯ የምትመጣው የሥራው ልክ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ልኩ ካልታወቀ ክቧ ትመጣለች፤ እሷም «ሥራ ላይ ነኝ» ከማለት በቀር የምትነግረን የለም።

እ.ኤ.አ. በ1985 ብራድ ማየርስ የተባለ ተመራማሪ ባቀረበው ጥናት ሰዎች የሥራውን መጠን የሚነግራቸውን ስክሪን እንደሚመርጡ አሳየ። የዘርፉ ባለሙያዎች ደግሞ ለትዕግሥታችን ሦስት ድንበር ያሰምራሉ። እስከ 0.1 ሰከንድ ድረስ የነካነው ነገር ወዲያው የመለሰ ይመስለናል። እስከ 1 ሰከንድ መዘግየቱን ብናስተውልም ሐሳባችን አይቆረጥም። 10 ሰከንድ ሲያልፍ ልባችን ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል፤ መስመሯ የግድ የምታስፈልገውም ያኔ ነው። የ0.1 ሰከንድን ማነስ አሰላና በቆጂ ላሉበት ለአርሲ ሰው ማስረዳት አያሻም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ በዚሁ በአሥር ሺህ ሜትር ኃይሌ ተፎካካሪውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው።

ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ለመረዳት እንግዳ የመጣበትን ቤት እናስብ። አስተናጋጇ አንድ ናት። እሷው ራሷ ጓዳ ገብታ ቡና ልውቀጥ ካለች እንግዳው ሳሎን ውስጥ ብቻውን ይቀራል፤ ቢጣራም የሚሰማው የለም። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ይህችን አስተናጋጅ ባለሙያዎቹ ሜይን ትሬድ ይሏታል። የጣታችንን ንክኪ የምትቀበለው እሷ ናት፤ ስክሪኑንም የምትስለው እሷው ናት፣ ያውም በብዙ ስልኮች ላይ በሰከንድ 60 ጊዜ። ለአንዱ ሥዕል ያላት ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ከባድ ሥራ ከተጫነባት ስክሪኑ ይደርቃል። ለንክኪ 5 ሰከንድ ያህል መልስ ከጠፋ ስልኩ መተግበሪያው ምላሽ እየሰጠ እንዳልሆነ ነግሮን ልንዘጋው ወይም ልንጠብቀው እንደምንፈልግ ይጠይቀናል።

ስለዚህ ፋይል መላክ፣ ፎቶ ማሳነስ፣ ብዙ መዝገብ ማገላበጥ ወደ ጓዳ ይገባል። የጓዳው ሠራተኛ ሳሎን ገብቶ ስክሪኑን ራሱ መንካት አይፈቀድለትም፤ «ይህን ያህል ደርሻለሁ» ብሎ ለአስተናጋጇ ይነግራል፣ መስመሯን የምታስረዝመው እሷ ናት። ለእያንዳንዷ ባይት ከተጣራ ግን ያደክማታል፤ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ቢናገር ይበቃል።

የዚህ ሥራ ትርጉም ከአሰላ ወጣ ሲሉ ይበልጥ ይገባል። የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ቤተሰብ ይመዘግባሉ። ጤና ሚኒስቴር ለዚህ ያዘጋጀው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት በታብሌት ላይ ያለ ኢንተርኔትም መዝግቦ ይይዛል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። ዳገትና ሸለቆ በሚፈራረቁበት የጭላሎ ተራራ ግርጌ እንዲህ ያለ መሣሪያ ቅንጦት አይደለም።

እንዲህ ያለ ሥራ ሰው ሳያየው መቀጠል አለበት። የገብስ አገር ሰው ይህን ከብቅል ያውቀዋል፤ ገብሱ ተነክሮ ጓዳ ከተቀመጠ እመቤቲቱ ገበያ ደርሳ ብትመለስም ማብቀሉን አያቆምም። በአንድሮይድ ላይ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚመከረው መሣሪያ ወርክማናጀር ይባላል። ሥራውን በስልኩ ማከማቻ ስለሚጽፈው ስልኩ ጠፍቶ ቢበራ እንኳ አይረሳም። «ኔትወርክ ሲኖር ብቻ» ወይም «ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ» ቢሉት ያንን ይጠብቃል። ሲከሽፍና እንደገና እንዲሞክር ከታዘዘ ደግሞ፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር፣ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ 60፣ ከዚያ 120 እያለ ፋታውን እያራዘመ ይሞክራል፤ ሲግናል በሌለበት ሲታገል ባትሪውን እንዳይጨርስ ነው። ጠንቃቃ የመተግበሪያ ሠሪ ለእያንዳንዱ መዝገብ የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጣል። መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሥራው ዳግም ቢላክ የተቀባዩ ኮምፒውተር ቁጥሩን አይቶ «ይህን ተቀብያለሁ» ይላል፤ አንድ ሕፃን ሁለቴ አይመዘገብም።

አሁን መስመሯን እንሥራት። 40 ቅጽና 1 ፎቶ የሚላክ ነው እንበል፤ አንዱ ቅጽ 5 ኪሎባይት፣ ፎቶው 2,000 ኪሎባይት። በቁጥር ብናሰላ ቅጾቹ እንዳለቁ መስመሯ ከ41 40 ደርሳ 98 ፐርሰንት ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ ፎቶው ላይ ተቸክላ ትቀራለች። በክብደት ብናሰላ ግን በዚያች ሰዓት የተላከው ከ2,200 ኪሎባይት 200 ብቻ ነው፤ 9 ፐርሰንት። ጫፍ ደርሳ አልንቀሳቀስ የምትለን መስመር ብዙ ጊዜ ቁጥርን ከክብደት ያምታታች ናት። ሰሌዳው «1 ዙር ቀረ» ሲል እውነቱ 20 ቢሆን ሯጩ ምን ይሆን ነበር?

ማማለያም አለ። ክሪስ ሃሪሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባቀረቡት ጥናት በመስመሯ ላይ ወደ ኋላ የሚፈስ ሞገድ ሲጨመር ሰዎች ጥበቃው 11 ፐርሰንት ያህል ያጠረ መስሏቸዋል። ሞገዱ ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ተቀባዩ ሳይመልስ «ደርሷል» ማለት ነው።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ከሁሉም የተሻለው ስክሪን ጠባቂውን የሚያሰናብተው ነው። «38 ተልኳል፤ 3 ኔትወርክ ሲመጣ ይላካል።» ይህን ያነበበች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዳገት ላይ ቆማ ታብሌቱን ወደ ሰማይ አታነሳም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች።