ባቡሩ ሐረር አልወጣም

አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡር ውል ሲሰጡ መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ እንጦጦ እንዲዘልቅ ነበር። ዳገቱ ግን ገንዘብ ጨራሽ ሆነ። ሐዲዱ በ1902 ከተራራው ሥር ቆመና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የሐረር ንግድም ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። ዛሬ ሐረር የራሷ ክልል አላት፤ ድሬዳዋ ደግሞ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። መንገድ የአስተዳደርን ወሰን ይሠራል ወይስ ወሰኑን ተከትሎ ይሠራል የሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም።

ተመራማሪዎች ጥያቄውን በስሌት ይፈትኑታል። ከተሞቹን ነጥብ፣ የድሮ መንገዶችን መስመር ያደርጓቸዋል፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በጉዞ ጊዜ ይለኩታል። ዳገት፣ ወንዝና ክረምት ሁሉ ይታሰባሉ። ከዚያ እያንዳንዱን መንደር ቶሎ ለሚደርስበት ገበያ ሰጥተው፣ በዚህ የተገኘውን ወሰን ከእውነተኛው ጋር ያስተያያሉ። ጎጃም ቀላሉ ፈተና ነው፤ አባይ በሦስት በኩል ከቦታል፣ ወንዙ ሲሞላም መሻገር ጭንቅ ነበር። ይህን ያለ ኮምፒዩተርም የአገሬው ሰው ያውቀዋል። ስሌቱ የሚጠቅመው አንድ መስመር ቢነሣ ማን ይጎዳል ብሎ ለመጠየቅ ነው። ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታጁራ ነጋዴዎች መዳረሻ ነበረች፤ ቅፍለቱ በባቡር ሲተካ ገበያዋ ደከመ።

ችግሩ መንገድ በዕጣ አለመሠራቱ ነው። ጣሊያን አገሪቱን ከ1936 እስከ 1941 በያዘበት ዘመን ጎዳና የዘረጋው በቅድሚያ ጦሩን ለማንቀሳቀስ ነበር። ደሴ ያደገችው መንገዱ ስለደረሰላት ነው ብሎ መደምደም ታዲያ የዋህነት ነው፤ መንገዱ ወደዚያ የሄደው ቀድሞም ከተማ ስለነበረች ነው። ብልሃቱ ዋናዎቹን ከተሞች ትቶ በመካከል ያሉትን ማየት ነው። የጣርማ በርን ተራራ ሰንጥቆ ወደ ደሴ የወጣው መንገድ ዓላማው ደብረ ሲና አልነበረችም፤ በእርሷ በኩል አለፈ እንጂ። እንዲህ ያሉ መተላለፊያ ከተሞችን መንገድ ካልነካቸው ጎረቤቶቻቸው ጋር ማነጻጸር ይበልጥ ታማኝ መልስ ይሰጣል።

ይሁንና የሐረሪን ክልል የትኛውም ስሌት አይተነብየውም። እርሱን የወለደው የሕዝቡ ታሪክና የ1995ቱ ሕገ መንግሥት ነው። የድሬዳዋ ለብቻዋ መሆንም ከሐዲዱ ባልተናነሰ ኦሮሚያና ሶማሌ ሁለቱም የይገባኛል ጥያቄ ስለሚያነሡባት ነው።