«ላ ዤቴ»ን ማረም

«ላ ዤቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፎቶግራፍ ብቻ የተሠራ ፊልም ነው።» ስለዚህ የፈረንሳይ አጭር ፊልም ሲወራ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። እውነት ለመሆን ግን ጥቂት ሰከንድ ይጎድለዋል። ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ አንዲት ሴት ተኝታ እናያለን። ፎቶግራፎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየደበዘዙ ይለዋወጣሉ፤ የወፎች ጫጫታ እየበረታ ይሄዳል። ከዚያ ሴትዮዋ ዓይኗን ትገልጥና ታርገበግባለች። ይህ በፊልም ካሜራ የተቀረጸ እውነተኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ እሱን የመሰለ ሌላ የለም። ወዲያው ይቆረጥና የአንድ ወንድ ፊት ይተካዋል።

በዊኪፔዲያ ላይ ስለ ፊልሙ የተጻፈውን መጣጥፍ የሚያርም ሰው «ብቻ» የምትለዋን ቃል አውጥቶ «ከአንዲት አጭር ትዕይንት በቀር» የሚል ሐረግ ያስገባል። ለውጡ ሲታይ ኢምንት ነው። ይሁንና ያቺ ትዕይንት የፊልሙ ልብ ናት። ተመልካቹ ዓለሙ ሁሉ ደርቆ መቆሙን ከለመደ በኋላ ነው አንዲት ሴት ሕይወት ኖሯት የምትመለከተው። ይህን ያላካተተ መጣጥፍ ስለ ሌላ ፊልም ቢጻፍ ይሻል ነበር።

ፊልሙን የሠራው ክሪስ ማርከር ነው፤ ጊዜው 1962 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ፕሮዲውሰሩ አናቶል ዶማን ነበር። ዳቮስ ሃኒክና ኤሌን ሻትላን ይታዩበታል። ገጸ ባሕርያቱ ግን አይነጋገሩም፤ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚነግረን የዣን ኔግሮኒ ድምፅ ነው። በ1963 የዣን ቪጎን ሽልማት አገኘ። በ1995 ደግሞ ቴሪ ጊሊያም «አሥራ ሁለቱ ጦጣዎች» የተባለውን የሆሊውድ ፊልም ሲሠራ መነሻ ያደረገው ይህንኑ ታሪክ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ እሑድ ቀን ከወላጆቹ ጋር አውሮፕላን ለማየት ወደ ፓሪስ ኦርሊ አየር ማረፊያ ይሄዳል። በሰገነቱ ላይ የአንዲት ሴት ፊት ያያል፤ ወዲያውም አንድ ሰው ሲወድቅና ሲሞት ያያል። ከዚያ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ፓሪስ ትፈርሳለች። የተረፉት በሻዮ ቤተ መንግሥት ሥር ባሉ ዋሻዎች ይኖራሉ፤ አሸናፊዎቹ በእስረኞች ላይ ሙከራ ያደርጋሉ። ምግብ፣ መድኃኒትና ኃይል የሚገኝበት መንገድ በቦታ በኩል ስለተዘጋ በጊዜ በኩል ይፈልጉታል። ያ ልጅ አድጎ እስረኛ ሆኗል። የሴትዮዋን ፊት ስላልረሳ ወደ ኋላ ለመሄድ የሚችለው እሱ ነው ብለው ይመርጡታል። ያገኛታል፤ አብረው በአትክልት ሥፍራ ይንሸራሸራሉ፣ የደረቁ እንስሳት የተደረደሩበትን ሙዚየም ይጎበኛሉ። በመጨረሻ ወደ ኦርሊ ተመልሶ ወደ እሷ ሲሮጥ፣ ከአሳሪዎቹ አንዱ ተከትሎት መጥቶ ይገድለዋል። ልጅ ሳለ ሲሞት ያየው ሰው ራሱ ነበር።

መጨረሻውን መናገሬ ሆን ብዬ ነው፤ ዊኪፔዲያም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የፊልም ማስታወቂያ ተመልካች ለመሳብ ይደብቃል፤ መድብለ ዕውቀት ግን ሊያስረዳ ስለመጣ አይደብቅም። ላ ዤቴን በተለይ መጨረሻውን ሳይነግሩ ማስረዳት አይቻልም፤ የመጀመሪያው ትዕይንት ትርጉም ያለው እዚያ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለፊልም ታሪክ ማጠቃለያ ከ400 እስከ 700 ቃላት ይመድባል። ለ28 ደቂቃ ፊልም የታችኛው ወሰን ራሱ ይበዛል ባይ ነኝ።

ለታሪኩ ማጠቃለያ ሌላ ምንጭ መጥቀስ ግዴታ አይደለም፤ ፊልሙ ራሱ ምስክር ነው፤ የተጠራጠረ ሰው ከፍቶ ያየዋል። «ሰውየው ወደ ሰገነቱ ይሮጣል» የሚለው ከዚህ ዓይነቱ ነው። «ሩጫው የሰው ልጅ ከትዝታው ለማምለጥ አለመቻሉን ያሳያል» የሚል ግን ሌላ ነው። ሐሳቡ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ግን የማን ነው? በስሙ የሚታወቅ ሐያሲ በታተመ መጽሐፍ ወይም መጽሔት ላይ ብሎት ከሆነ በእሱ ስም ይገባል። የአራሚው የራሱ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ቦታው እዚህ አይደለም። ፊልም ወዳድ ሰው ላይ እጅግ የምትከብደው ሕግ ይህች ናት፤ ይህን ፊልም ሰው የሚወደው ሲተረጉመው ነውና።

ዊኪፔዲያ በጥር 15 ቀን 2001 በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር ተጀመረ። ማንም ሰው ገጽ ከፍቶ እንዲጽፍ የሚያስችለውን «ዊኪ» የተባለ አሠራር ግን ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ በ1995 አውጥቶት ነበር። እያንዳንዱ መጣጥፍ ከጀርባው ሁለት ገጾች አሉት። አንደኛው የለውጥ ታሪኩ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ የቱን ቃል እንደለወጠ አንድም ሳይቀር ተመዝግቦ ይቀመጣል። ሁለተኛው የውይይት ገጹ ነው፤ ያልተስማሙ አራሚዎች እዚያ ይከራከራሉ። አንዱ የጻፈውን ሌላው እየሰረዘ እንዳይቀጥሉ፣ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይሰርዝ ተከልክሏል።

ማረሚያውን ከነኮዱ የከፈተ ሰው የሚያየው አብዛኛው ተራ ጽሑፍ ነው። ወደ ሌላ መጣጥፍ የሚያሻግር ቃል በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ማዕዘናዊ ቅንፍ ይደረግለታል። ዋቢው ከዓረፍተ ነገሩ ቀጥሎ በራሱ ምልክት ውስጥ ይጻፋል፤ ገጹ ሲቀመጥ ትንሽ ቁጥር ሆኖ ይወጣል፣ ዝርዝሩም ከግርጌ ይደረደራል። ከታች ምን እንደለወጡ በአጭሩ የሚጽፉባት አንዲት መስመር አለች። ብዙ ጀማሪ ባዶዋን ትቷት ያልፋል፤ ይህ ያሳዝነኛል። «ዓይኗን የምትገልጥበት ትዕይንት ስለተረሳ ጨመርኩት» የምትል አጭር ማስታወሻ፣ ነገ ለሚመጣው የማይተዋወቁት አራሚ የተተወች አክብሮት ናት። እሷ ባለችበት ጠብ ይቀንሳል።

ቀላል የሚመስለውም ያከራክራል። ርዝመቱን እንውሰድ። አንዱ ምንጭ 28 ደቂቃ ሲል ሌላው 27 ይላል፤ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም ተብሎ ክርክር ይነሣል። ሁለቱም ግን ያልዋሹ ሊሆኑ ይችላሉ። በሲኒማ ቤት ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይሮጣል። የአብዛኛው አውሮፓ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ አሠራር ግን በሰከንድ 25 ስለሆነ ያው ፊልም በመቶ አራት ያህል ፈጥኖ ያልቃል። 28 ደቂቃ የነበረው 27 አይሞላም። ይህን የሚያውቅ አራሚ የሲኒማውን ርዝመት ይመዘግባል እንጂ ቤቱ ባለው ዲቪዲ ሰዓት ለክቶ የሌላውን አይሰርዝም።

ከዚህ የሚከብደው ማርከር ራሱ ነው። ትክክለኛ ስሙ ክርስቲያን ቡሽ-ቪልኔቭ ይባላል፤ የተወለደው ሐምሌ 29 ቀን 1921፣ ያረፈውም በልደቱ ቀን ሐምሌ 29 ቀን 2012 ነው። የት ተወለደ ሲባል ግን መልሱ ይለያያል። ብዙዎቹ ምንጮች በፓሪስ ዳርቻ ያለችውን ኔይን ይጠቅሳሉ፤ የሞንጎልያ ዋና ከተማ ኡላን ባቶር ነው የሚለው ወሬ ደግሞ ከማርከር ራሱ የመነጨ ነው። ቃለ ምልልስ እምብዛም አይሰጥም ነበር፤ ፎቶግራፍህን ላክ ሲሉት የድመት ሥዕል ይልካል። ሕይወቱን በተረት የሸፈነን ሰው መድብለ ዕውቀት ምን ያድርገው? የሚሻለው አንዱን መርጦ ሌላውን መደበቅ ሳይሆን፣ ማን ምን እንዳለ ለይቶ ማስፈር ነው። ፎቶግራፎቹን በፔንታክስ ካሜራ እንዳነሣ፣ ያቺን የምትንቀሳቀስ ትዕይንት ደግሞ ለአንድ ሰዓት ብቻ በተዋሰው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ እንደቀረጻት የነገረን እሱ ነው። ስለዚህ መጣጥፉ ውስጥ ሲገባ «እንደ ማርከር አባባል» ተብሎ ይገባል።

አንድ ክፍል አለ፣ እኔ ብሆን ያለ ርኅራኄ የማሳጥረው፦ ፊልሙ ያሳደረውን ተጽዕኖ የሚዘረዝረው ክፍል። የጊሊያም ፊልም በመግቢያው ጽሑፍ ላይ የማርከርን ስም ስለሚጠራ ክርክር የለውም። ከዚያ ወዲያ ግን በፎቶግራፍ ድርድር የተሠራ የሙዚቃ ቪዲዮ ያየ ሁሉ «ይኼም ከላ ዤቴ የመጣ ነው» እያለ አንዳንድ መስመር ይጨምራል። የታተመ ዋቢ የሌለው መመሳሰል ሁሉ መውጣት አለበት።

የአማርኛው ውክፔዲያ ከ20 ሺህ ያነሱ መጣጥፎች ያሉት ሲሆን የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አሉት። እንዲህ ያለ ፊልም ላይ በአማርኛ ጥሩ አንድ ገጽ መጻፍ ለሲኒማ ተማሪዎቻችን ትልቅ ስጦታ ነው፤ በማሽን የተተረጎመ ረጅም ጽሑፍ ከመለጠፍ ይልቅ ሦስት አንቀጽ ከነዋቢዎቹ መጻፉ ይበልጣል። ከእንግሊዝኛው ወይም ከፈረንሳይኛው ገጽ ቀድቶ መተርጎም ተፈቅዷል፤ ጽሑፉ በክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የወጣ ነው። ፈቃዱ የሚጠይቀው የቀደሙት ጸሐፊዎች እንዲታወቁ ነው፤ ስለዚህ በዚያች የማስታወሻ መስመር ላይ ከየትኛው ቋንቋ፣ ከየትኛው ገጽ እንደተተረጎመ ከነማስፈንጠሪያው ይጻፋል። የፊልሙን ምስሎች ግን እንደ ጽሑፉ በነፃ መለጠፍ አይቻልም፤ የባለቤትነት መብታቸው ገና የተጠበቀ ነው።