«የማን ልጆች ናቸው?»
የሴድሌትስ ዐፅሞችና ሳይንስ ስለ እነርሱ ሊነግረን የሚችለው

የዶክትሬት ተማሪ በነበርኩበት ዘመን አንድ እሑድ ከፕራግ በባቡር ተነሥቼ፣ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዤ ኩትና ሆራ ከምትባል የቼክ ሪፐብሊክ ከተማ ወረድኩ። ይህች ከተማ በመካከለኛው ዘመን በብር ማዕድኗ የታወቀች ነበረች። ሴድሌትስ በሚባለው ሰፈሯ ውስጥ በመቃብር ሥፍራ የተከበበች አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን አለች። ደረጃውን ወርዶ ወደ ታችኛው ክፍል የዘለቀ ጎብኚ ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከጣሪያው በተንጠለጠለ ግዙፍ መቅረዝ ላይ ነው። መቅረዙ የተሠራው ከሰው ዐፅም ነው። በአራቱ ማዕዘናት የራስ ቅሎችና የጭን አጥንቶች እንደ ደወል ቅርጽ ተከምረዋል። በአንድ ወገን ደግሞ ሽቫርሰንበርግ የተባሉት መሳፍንት የዘር አርማ፣ እርሱም ከአጥንት ተሠርቶ ይታያል።

እኔም እንደ ሌሎቹ ጎብኚዎች ከመቅረዙ ሥር ቆሜ፣ ፈገግ ብዬ ፎቶግራፍ ተነሣሁ። ለእረፍት ወደ አገር ቤት በተመለስኩ ጊዜ ፎቶግራፉን ለእናቴ አሳየኋት። ጥቂት ተመለከተችውና በጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። «እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?» አለችኝ። ቀጥላም «ስማቸውስ?» ስትል ጠየቀችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ምን ያህሉ በሳይንስ ሊመለስ እንደሚችል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዐፅሞቹ እንዴት ተሰበሰቡ?

በሴድሌትስ የሲስተርሺያን መነኮሳት ገዳም የተመሠረተው በ1142 ነው። እንደሚነገረው፣ የቦሄሚያው ንጉሥ ዳግማዊ ኦቶካር በ1278 የገዳሙን አበምኔት ወደ ኢየሩሳሌም ልኮት ነበር። አበምኔቱ ሲመለስ ከጎልጎታ ጥቂት አፈር ይዞ መጥቶ በመቃብሩ ሥፍራ ላይ በተነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መቀበርን የሚመኝ ሰው በዛ። በ1318 የደረሰው ረኃብ፣ ከ1348 ጀምሮ አውሮፓን ያጠቃው ታላቁ ወረርሽኝ፣ በኋላም በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የተነሣው የሁሳውያን ጦርነት የሙታኑን ቁጥር እጅግ አበዙት። በ1400 ገደማ ቤተ ክርስቲያኗ ስትታነጽ፣ ታችኛው ክፍል ከመቃብር የወጡ ዐፅሞች ማኖሪያ ሆነ። ዛሬ የሚታየውን አብዛኛውን ጌጥ የሠራው ግን ፍራንቲሼክ ሪንት የተባለ የእንጨት ቅርጽ ባለሙያ ሲሆን፣ ዘመኑም 1870 ነው። ሪንት የራሱን ስም ሳይቀር በግድግዳው ላይ በአጥንት ጽፏል። በቤቱ ውስጥ ከአጥንት የተጻፈው ስም የባለሙያው ነው፤ አጥንታቸው ለጌጡ የዋለው ሰዎች ግን ስም የላቸውም።

ስንት ሰዎች ናቸው?

በዚያ ሥፍራ የተሰበሰበው ዐፅም ከ40 ሺህ እስከ 70 ሺህ ከሚደርሱ ሰዎች የተገኘ እንደሆነ ይገመታል። የግምቱ ስፋት የሚያስገርም አይደለም። አንድ አዋቂ ሰው 206 አጥንቶች ስላሉት፣ የ40 ሺህ ሰዎች አጥንት ቢሟላ ከ8 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። አጥንቶቹ ከተደባለቁ ደግሞ የማን የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። በዚህ ጊዜ ባለሙያዎች አንድ ቀላል ዘዴ ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ የግራ ጭን አጥንት ብቻ ስላለው፣ በክምሩ ውስጥ 500 የግራ ጭን አጥንቶች ከተቆጠሩ ሰዎቹ ቢያንስ 500 ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ሊበልጡ ይችላሉ፤ ሊያንሱ ግን አይችሉም።

መቼ ኖሩ?

ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች ከባቢ አየራችንን ሲመቱ ኒውትሮኖች ይፈጠራሉ። አንድ ኒውትሮን የናይትሮጅንን አቶም አስኳል ሲመታ አንድ ፕሮቶን ይወጣና ናይትሮጅኑ ወደ ካርበን 14 ይለወጣል። ካርበን 14 ጨረር አመንጪ ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በሕያው አካል ውስጥ ከአንድ ትሪሊዮን የካርበን አቶሞች መካከል አንዱ ያህል ብቻ ነው። ዕፅዋት ከአየር ይወስዱታል፣ እንስሳትና ሰዎች ከምግብ ያገኙታል። ሰው ሲሞት ግን መመገቡ ይቆማልና በውስጡ የነበረው ካርበን 14 ሳይተካ መቀነስ ይጀምራል። ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ነው፤ ይህም ማለት በየ5,730 ዓመቱ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል።

በ1348 የሞተን ሰው እንውሰድ። ዛሬ በአጥንቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ካርበን 14 ውስጥ 92 በመቶ ያህሉ ይገኛል። ይህን መለካት አያስቸግርም። አስቸጋሪው ይህ ሰው የሞተው በ1318 ረኃብ ነው ወይስ በ1348 ወረርሽኝ የሚለውን መለየት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የ30 ዓመት ልዩነት በካርበን 14 መጠን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከግማሽ በመቶ ያነሰ ነው። በዚያም ላይ በከባቢ አየር የነበረው መጠን ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጥ፣ ውጤቱ በዛፍ ግንድ ዓመታዊ ቀለበቶች መታረም አለበት። ስለዚህ ፊዚክስ ብቻውን «ይህ ሰው በእገሌ ዓመት ሞተ» ብሎ አይፈርድም። እዚህ ላይ ሥነ ሕይወት ያግዘዋል። ለምሳሌ ያህል፣ በለንደን ኢስት ስሚዝፊልድ መቃብር ከ1348 እስከ 1350 ከተቀበሩ ሰዎች ጥርስ ውስጥ የወረርሽኙ ባክቴሪያ ዘረ መል ተገኝቶ በ2011 ይፋ ሆኗል።

ከወዴት መጡ?

የእናቴ ጥያቄ በቀጥታ የሚነካው ይህን ነው። ሩቢዲየም 87 የተባለው ንጥረ ነገር እጅግ በዝግታ፣ ወደ 50 ቢሊዮን ዓመት በሚጠጋ ግማሽ ዕድሜ፣ ወደ ስትሮንቲየም 87 ይለወጣል። ስለዚህ በጥንታዊና ሩቢዲየም በበዛበት ዓለት ላይ ያለ አፈር ብዙ ስትሮንቲየም 87 ይኖረዋል፣ በወጣት ዓለት ላይ ያለው ደግሞ ጥቂት። ስትሮንቲየም ከአፈር ወደ ሰብልና ወደ ውኃ፣ ከዚያም ወደ ሕፃን ጥርስ ይገባል። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን በልጅነት አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ አይታደስም። በመሆኑም ከሴድሌትስ ሩቅ ተወልዶ በብር ማዕድን ሥራ ወይም በተቀደሰው አፈር ምኞት የመጣ ሰው ያደገበትን አገር አፈር ምልክት በጥርሱ ይዞ ተቀብሯል። የማን ልጅ እንደሆነ ባይታወቅም፣ በየትኛው ዓይነት ምድር ላይ እንዳደገ ሊታወቅ ይችላል።

ይህ ዘዴ ሁሉ ግን ወሰን አለው። የእኛዋ ድንቅነሽ (ሉሲ) በ2025 በፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ለእይታ በቀረበች ጊዜ፣ አንድ ተማሪዬ «የእርሷም ዕድሜ በካርበን 14 ነው የታወቀው?» ሲል ጠየቀኝ። አይደለም። ካርበን 14 የሚያገለግለው እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ድንቅነሽ ከሞተች 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኗልና በዚያ ጊዜ መጠኑ ከ550 ጊዜ በላይ በግማሽ ቀንሶ ጠፍቷል። ዘመኗ የታወቀው በተገኘችበት አካባቢ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ፖታሲየም 40 ወደ አርጎን የሚለወጥበትን ፍጥነት መሠረት በማድረግ ነው። ስሟን ያገኘችውም በ1974 ከተገኘች በኋላ ነው። የሴድሌትሶቹ በተቃራኒው ሲኖሩ ስም ነበራቸው፣ ዐፅማቸው ሲደባለቅ ግን ጠፋ።

ምን ይደረጋል?

እያንዳንዱ የካርበን ወይም የስትሮንቲየም ልኬት ዋጋ ያስከፍላል። ናሙናው ይፈጫል፣ በአሲድ ይሟሟል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም። በመሆኑም «መለካት እንችላለን» ማለት ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም። ሌላው አደጋ እርጥበት ነው። አጥንት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል፤ ይህ ሲደጋገም ይሰነጠቃል። አንድ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት ወደ 50 ግራም ውኃ ወደ አየር ይለቃል። አንድ መቶ ጎብኚዎች በአንድ ሰዓት 5 ሊትር ያህል ውኃ ያስገባሉ ማለት ነው። ከ2014 ጀምሮ በተካሄደው የጥገና ሥራ ሕንፃው ሲጠገን፣ ክምሮቹም አጥንት በአጥንት እየተፈቱና እየጸዱ እንደገና እንዲደረደሩ ተደርጓል። በሥራው ሂደትም በቤተ ክርስቲያኗ ዙሪያ በርካታ የጅምላ መቃብሮች ተገኝተዋል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ ፎቶግራፍ ማንሣት ተከልክሏል፤ ምክንያቱም ጎብኚዎች ለሙታኑ ተገቢውን ክብር አለመስጠታቸው ነው።

ያ ፎቶግራፍ ዛሬም አለኝ። ስለ ካርበን 14 በማስተምርበት ጊዜ ግን አላሳየውም። ተማሪዎቼ የ92 በመቶውን ስሌት በሰሌዳ ላይ ከሠሩ በኋላ፣ የእናቴን ሁለት ጥያቄዎች እነግራቸውና የትኛው በመሣሪያ ሊመለስ እንደሚችል እንዲለዩ አደርጋለሁ። የመጀመሪያውን በከፊል ይመልሱታል። ሁለተኛውን ግን እስካሁን የመለሰ የለም።