ወፍን በእርሳስ መሣል

ሥዕል ለመማር የሚሻ ተማሪ ብርቅ ወፍ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ የሚታየው ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ ጥሩ መለማመጃ ነው። ይህ ወፍ ከአፍሪካ ቀንድ በስተቀር በሌላ የዓለም ክፍል አይገኝም።

በመጀመሪያ እርሳሳችሁን ሳታነሡ ቁራውን ጥቂት ተመልከቱ። ከዚያም እርሳሱን ላላ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ በቀጭን መሥመር ለአካሉ የእንቁላል ቅርጽ፣ ለጭንቅላቱ ትንሽ ክብ ንደፉ። ቀጥላችሁ ምንቃሩን ከጭንቅላቱ ጋር አመዛዝኑ። ብዙ ጀማሪዎች ምንቃሩን አሳንሰው ይሥላሉ፤ ምክንያቱም ፊት ለፊታቸው ያለውን ትተው በሐሳባቸው ያለውን ወፍ ስለሚከተሉ ነው። የዚህ ቁራ ምንቃር ግን በርዝመቱ ከጭንቅላቱ አያንስም፤ ጀርባው የጎበጠ፣ ጫፉም ነጣ ያለ ነው።

በመጨረሻ ጥላውን ጨምሩ። «ቁራ ጥቁር ነው» በማለት ሁሉን እኩል ብታጠቁሩት ክንፉ ከደረቱ አይለይም። ስለዚህ ብርሃን ያረፈበትን ላባ አሳሱት፤ ጥላ ያረፈበትን አጥቁሩት። በማጅራቱ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት ግን እርሳስ አታስነኩት፤ የወረቀቱ ንጣት ይበቃዋል።

ገላጭ ድርሰት ስትጽፉም ይህንኑ ሥርዓት ተከተሉ፦ አስቀድማችሁ ጠቅላላውን ቅርጽ፣ ቀጥላችሁ ዝርዝሩን ግለጹ፤ ምን ጊዜም ያያችሁትን እንጂ የገመታችሁትን አትጻፉ።